ሸሪፉ ከየት መጡ?



ለማንም ልቀሰቅስ አልመጣሁም።   ስለ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ ምርጫ ጊዜ እያለን እንነጋገር ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልናገር፣ እንዳትደናገሩ።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ሲመጣልን ፕሬዚዳንቱ ላይ አናመነታም። ከንቲባው ላይም ትንሽም ብትሆን የሰማናት ወሬ አለች። ወደ ታች ወርደን ሸሪፉ ዘንድ ስንደርስ ግን ወይ ባዶውን እናልፈዋለን፣ ወይ ልጆቻችንን «ይሄኛው ደግሞ ማነው?» ብለን እንጠይቃለን። እነሱም አያውቁትም። አይፈረድብንም። ባደግንበት አገር የፖሊስ አዛዥ ይሾማል እንጂ አይመረጥም። «ከየት መጣ?» የሚል ሰው ካለም የሚጠይቀው ስለ ትውልድ ቀዬው ነው፤ የሥራ ታሪኩን የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ዛሬ ልጠይቅ የምፈልገው ያንኑ ጥያቄ ነው፣ በሁለተኛው ትርጉሙ። እነዚህ ሰዎች እዚያ ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ምን ሲሠሩ ኖሩ?

በቅድሚያ መሥሪያ ቤቱን እንለየው። ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በፌርፋክስ ሰፈራችን የሚዞረው ፖሊስ የከተማው ነው፤ አዛዡም ተሿሚ ነው። ሸሪፉ የካውንቲው ነው። በካውንቲው ውስጥ 88 ከተሞች አሉ። የራሳቸው ፖሊስ የሌላቸው ከአርባ በላይ የሚሆኑት በውል የሸሪፉን ጥበቃ ይገዛሉ፤ ከተማ ያልሆኑትን ሰፈሮችም የሚጠብቀው እሱ ነው። የፍርድ ቤቶቹን ጸጥታ ያስከብራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስር ቤቶቹን ያስተዳድራል። ፌርፋክስ ላይ በከተማው ፖሊስ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ካልተለቀቀና ዋስ ካጣ፣ የሚያድረው በሸሪፉ እስር ቤት ነው። በማንኛውም ቀን ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እዚያ ያድራሉ። ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው፣ ቀጠሮ የሚጠብቁ ናቸው። በአሜሪካ ካሉት የሸሪፍ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

እንግዲህ የዚህ ቤት አለቆች እንዴት ነው አለቃ የሚሆኑት? የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ሰውየው በሃያዎቹ ዕድሜ ይቀጠራል፣ አካዳሚ ገብቶ ይሠለጥናል፣ ደፒዩቲ ተብሎ ባጅ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። አዲሱ ደፒዩቲ በቀጥታ ወደ ጎዳና አይወጣም፤ ወደ እስር ቤት ይላካል። መኪና ይዞ ወንጀለኛ የሚያሳድድ መስሎት የተቀጠረ ወጣት በ1963 በተከፈተው የወንዶች ማዕከላዊ እስር ቤት ኮሪደር ላይ ቁልፍ ይዞ ይቆማል፣ አንዳንዴ ለዓመታት። ሁሉም ወደ ፓትሮል የሚዛወርበትን ቀን ይቆጥራል። ከተዛወረ በኋላ መርማሪ ይሆናል፣ ተፈትኖ ሳጅን፣ ሌተናንት፣ ከዚያ የጣቢያ አዛዥ ካፒቴን ይሆናል። ከዚያ በላይ ኮማንደር፣ ቺፍ፣ ረዳት ሸሪፍ እያለ ወደ ምክትሉ ይደርሳል።

የእነዚህን ሰዎች አጭር የሕይወት ታሪክ ስታነቡ ሁሉም ከአንድ ቅጽ የተቀዳ ይመስላል። «ሥራቸውን በእስር ቤት ክፍል ጀመሩ» የምትል አንዲት መስመር ትቀድማለች። ከዚያ ጽሑፉ ሞቅ ይልና ፓትሮሉን፣ አደንዛዥ ዕፁን፣ የግድያ ምርመራውን፣ ልዩ ኃይሉን ይዘረዝራል። ማታ ማታ ተምረው ያገኙት የሕዝብ አስተዳደር ማስተርስ ይከተላል። ብዙ ጊዜም የኤፍ.ቢ.አይ. ብሔራዊ አካዳሚ ይጠቀሳል። ይህን ሲያነብ ሰውየው የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪል የነበረ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ከ1935 ጀምሮ ያለ፣ አሁን ቨርጂኒያ ኳንቲኮ ውስጥ ለየአካባቢው የፖሊስ አለቆች የሚሰጥ አሥር ሳምንት ገደማ የሚወስድ ሥልጠና ነው። ጥሩ ሥልጠና ነው፣ ግን ሥልጠና ነው።

የእኔ ነገር ያቺን የመጀመሪያዋን መስመር ይመለከታል። የሸሪፉ ከባዱ ኃላፊነት እስር ቤቱ ሆኖ ሳለ፣ የአለቆቹ የሥራ ታሪክ የሚጀምረው ከእስር ቤቱ በማምለጥ ነው። ሹመት እንደ ደረጃ ከታሰበ እስር ቤቱ የመጨረሻው ታች እርከን ነበር፤ ወደዚያ የሚመለስ ሰው ወይ ተቀጥቷል ወይ ተረስቷል። ይህ የእኔ ሐሜት አይደለም። ካውንቲው ያቋቋመው በእስር ቤቶቹ የሚፈጸመውን ድብደባ መርማሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ነቅሷል። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ግን ትንሽ ታሪክ ሳንሰማ አይገባንም።

ከ1932 እስከ 1998 ባሉት 66 ዓመታት ይህን ካውንቲ የመሩት ሸሪፎች ሦስት ብቻ ናቸው። ዩጂን ቢስካሉዝ እስከ 1958፣ ፒተር ፒቸስ እስከ 1982፣ ሸርማን ብሎክ እስከ 1998። ምርጫ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፣ ግን ወንበሩ የሚተላለፈው በሌላ መንገድ ነበር። ቢስካሉዝ የቀድሞው ሸሪፍ ምክትል ነበሩ። ፒቸስ፣ የቀድሞው የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪል፣ የቢስካሉዝ ምክትል ነበሩ። ብሎክ የፒቸስ ምክትል ነበሩ። አንዳንዴ አለቃው ዘመኑ ሳያልቅ በቃኝ ይላል፣ የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ምክትሉን ይተካል፣ ምርጫው ሲደርስ ምክትሉ «በሥልጣን ላይ ያለው ሸሪፍ» ተብሎ ይቀርባል። እኛ አልጋ ወራሽ የምንለው ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ ያኔ የምክትሉን የሥራ ታሪክ ማወቅ የወደፊቱን ሸሪፍ ማወቅ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የምክትሉን ስም እንኳ አይሰማም።

ሰንሰለቱ የተበጠሰው በሚያስገርም ሁኔታ ነው። በ1998 ብሎክ ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት አረፉ። ስማቸው ከወረቀቱ ሊወጣ አልቻለም። ብዙ ሰው እንዲያም ሆኖ ለሟቹ ድምፁን ሰጠ! ያሸነፉት ግን ሊ ባካ ነበሩ፣ ከዚያው ቤት የወጡ፣ ምክትል ግን ያልነበሩ ሰው።

ስለ ባካ የሥራ ታሪክ ክፉ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1942 ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተወልደው በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በ1965 ደፒዩቲ ሆኑ፣ ከታች ተነሥተው እያንዳንዱን እርከን ረገጡ፣ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) በሕዝብ አስተዳደር የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። ሲናገሩ ስለ ትምህርትና ስለ ሰው ክብር ነበር የሚናገሩት። ወረቀቱን አይቶ የሚቀጥር ኮሚቴ ቢኖር አያመነታም ነበር። ከባካ ሥር ደግሞ ፖል ታናካ ነበሩ፣ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ሒሳብ ዐዋቂ፣ በጀቱን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ፣ በኋላ ምክትል ሸሪፍ የሆኑ። ከሥራቸው ጎን ለጎን የጋርዲና ከተማ ከንቲባም ነበሩ። በሊንውድ ጣቢያ ሳሉ «ቫይኪንግስ» ይባል የነበረውን፣ አባላቱ ንቅሳት ያላቸውን የደፒዩቲዎች ቡድን ተቀላቅለው እንደነበር ራሳቸው አምነዋል። ይሄ ከሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አልተጻፈም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

በ2011 ኤፍ.ቢ.አይ. በወንዶች ማዕከላዊ እስር ቤት እስረኞች ይደበደባሉ የሚለውን ክስ በምሥጢር ይመረምር ነበር። ከውስጥ መረጃ የሚሰጠው አንድ እስረኛ ነበር፤ በጉቦ የገባለት የእጅ ስልክ ተያዘ። የሸሪፉ ሰዎች ይህን ሲያውቁ እስረኛውን በሐሰት ስም እያዘዋወሩ ከፌዴራል መንግሥቱ ደበቁት። ሁለት ሳጅኖችም የኤፍ.ቢ.አይ. ወኪሏን ቤቷ ደጃፍ ድረስ ሄደው እናስርሻለን ብለው አስፈራሯት። ወንጀል መርማሪ የነበሩ ሰዎች ችሎታቸውን የተጠቀሙበት መርማሪን ለማሳደድ ሆነ። ታናካ በ2016 ጥፋተኛ ተብለው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ባካ በ2014 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀው፣ በ2017 ምርመራን በማደናቀፍና ለፌዴራል መርማሪዎች በመዋሸት ጥፋተኛ ሆነው ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። በ2020 ወኅኒ ወረዱ። በእስር ቤቶቹ ጉዳይ የተፈረደባቸው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቁጥር ሃያ ገደማ ደርሷል።

የ2012ቱ ኮሚሽን ባካ እስር ቤቶቹን ነገሩ እስኪፈነዳ ድረስ በቅርብ እንዳልተከታተሉ፣ መጥፎው ወሬም ወደ እሳቸው እንዳልደረሰ ጽፏል። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ነገር ኮሚሽኑ ያቀረበው ምክር ነው። እስር ቤቶቹን የሚመራ ራሱን የቻለ ረዳት ሸሪፍ ይሾም፣ ያም ሰው በእስር ቤት አስተዳደር ልምድ ያለው ይሁን አለ። ደፒዩቲዎችም ፓትሮልን ሳይናፍቁ በእስር ቤት ሥራ አድገው አለቃ የሚሆኑበት የተለየ መንገድ ይከፈት አለ። አስቡት፣ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ እስር ቤቶች አንዱን የሚመራ ሰው እስር ቤት የሚያውቅ ይሁን ማለት እንደ አዲስ ሐሳብ ተጻፈ።

በ2013 ቴሪ ማክዶናልድ የመጡት በዚያ ምክር መሠረት ነው። በ1988 በካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤት ተራ ጠባቂ ሆነው የጀመሩ ናቸው፤ በዚያው መሥሪያ ቤት አድገው ከፍተኛ ኃላፊ ሆነዋል። ወንጀለኛ በመኪና አባርረው አያውቁም ይሆናል። ፈረቃ ሲቀየር ምን እንደሚፈጠር፣ የእስረኛ አቤቱታ ወረቀት የት እንደሚጠፋ፣ የትኛው ኮሪደር ካሜራ እንደማያየው ግን ከእሳቸው የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ከመጡ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። የቤቱን የሹመት ልማድ የጣሰ የሥራ ታሪክ ነው ለማለት ያህል ነው።

ከባካ በኋላ ሕዝቡም ቦርዱም የያዙት ሌላ መድኃኒት ነበር፦ የውጭ ሰው። ለጥቂት ወራት ቦታውን የያዙት ጆን ስኮት ግማሽ የውጭ ሰው ነበሩ፣ ከዚሁ ቤት ጡረታ ወጥተው በኦሬንጅ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ የሆኑ። በ2014 መጨረሻ ግን ጂም ማክዶኔል ተመረጡ። የቦስተን ልጅ ናቸው፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ 29 ዓመት ሠርተው ሁለተኛ ሰው ሆነው ነበር፤ ከዚያ የሎንግ ቢች ፖሊስ አዛዥ። ለየት የሚያደርጋቸው ደግሞ ያ የእስር ቤት ኮሚሽን ሲሰበሰብ እሳቸው አባል መሆናቸው ነው። የቤቱን ገመና ሳይገቡበት አንብበውታል። ሐቀኝነት የጎደላቸውን ሦስት መቶ ያህል ደፒዩቲዎች ስም ለዐቃቤ ሕግ ሊሰጡ ሲሉ የሠራተኞቹ ማኅበር ፍርድ ቤት ወስዶ አስቆማቸው። በ2018ቱ ምርጫም ያው ማኅበር ተቀናቃኛቸውን ደገፈ።

ተቀናቃኙ አሌክስ ቪያኑዌቫ ነበሩ፣ በ1986 የተቀጠሩ፣ በሌተናንት ማዕረግ ጡረታ የወጡ፣ እሳቸውም ዶክትሬት ያላቸው። አሸነፉ። በሥልጣን ላይ ያለ ሸሪፍ በዚህ ካውንቲ ሲሸነፍ ከመቶ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አንድም ጣቢያ በካፒቴንነት ሳይመሩ፣ ኮማንደርና ቺፍ ሳይሆኑ፣ በአንድ ቀን የሺዎች አለቃ ሆኑ። እንደገቡም የቀድሞዎቹን ከፍተኛ አለቆች አብዛኞቹን አነሡ። እዚህ ላይ ተከራካሪ አለኝ፤ እርከኑን ሁሉ የረገጡት ባካ የት ደረሱ? ብሎ የሚጠይቀኝ። ልክ ነው፤ እርከን መርገጥ ለባካ አልጠቀመም። እርከን አለመርገጥም ቪያኑዌቫን አልጠቀመም። ዘመናቸው ከቦርዱ፣ ከተቆጣጣሪ ኮሚሽኑና ከዋና ኢንስፔክተሩ ጋር በንትርክ አለቀ፤ በ2022 ሲሸነፉ ሕዝቡ በዚያው ቀን ቦርዱ በአራት አምስተኛ ድምፅ ሸሪፍን ማንሣት እንዲችል የሚያደርገውን ውሳኔም አጸደቀ። የውስጥ ሰው ይሻላል ወይስ የውጭ የሚለው ክርክር ስለዚህ ብዙ አይወስደንም። ሁለቱንም ቀምሰናል።

የአሁኑ ሸሪፍ ሮበርት ሉና የሸሪፉ ፓትሮል በሚዞርበት ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ አደጉ፣ በ1985 ግን የሎንግ ቢች ፖሊስ ሆኑ፣ ከ2014 እስከ 2021 አዛዥ ነበሩ። የውጭ ሰው ናቸው ማለት ነው። የሾሟቸው ሰዎች ታሪክ ይበልጥ ያስደስተኛል። ምክትላቸው ኤፕሪል ታርዲ በ1994 ተቀጥረው ከዚያው ቤት ያደጉ፣ በምክትልነት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሕገ መንግሥታዊ አሠራርን የሚከታተለውን አዲስ ቢሮ ደግሞ አይሊን ዴከር እንዲመሩት አደረጉ። ማን ናቸው? ታናካ ጥፋተኛ ሲባሉ በዚህ ከተማ የፌዴራሉን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይመሩ የነበሩ። የከሳሹን ቢሮ አለቃ አምጥቶ ከተከሳሹ የቀድሞ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ! በሹመት ወረቀት ላይ ይህን ያህል የሚናገር መስመር ብዙ አላየሁም።

ቢሆንም የእስር ቤቱ ነገር አልተዘጋም። በ2025 መስከረም ወር የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በእስር ቤቶቹ ሁኔታና በእስረኞች ሞት ምክንያት ካውንቲውንና የሸሪፉን መሥሪያ ቤት ከሰዋል። ማክዶኔልና ሉና የመጡባት ሎንግ ቢች የራሷ ሰፊ እስር ቤት የላትም፤ ለአጭር ጊዜ ማቆያ ነው ያላት። ሁለት የሎንግ ቢች አዛዦች በስምንት ዓመት ውስጥ ሸሪፍ ሆኑ፣ ሁለቱም ጎበዝ የከተማ ፖሊሶች ናቸው፣ ሁለቱም የእስር ቤቱን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት አለቃው ሆነው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ሸሪፍ በምርጫ ይሁን ይላል። በ1988 የወጣ ሕግ ደግሞ እጩ የሕግ አስከባሪነት ልምድ ይኑረው ይላል፤ ማስተርስ ላለው አንድ ዓመት፣ ባችለር ላለው ሁለት፣ ሁለተኛ ደረጃ ለጨረሰ አራት ዓመት ይበቃል፤ የስቴቱን ከፍተኛ የፖሊስ ብቃት ወረቀት የያዘም ያልፋል። ዓመት ይቆጥራል፣ የት እንደተሠራ ግን አይጠይቅም። እስር ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው በዚህ ሚዛን ያልፋል።

የማያልፈው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማይክል ሄነሲ የሚባሉ ጠበቃ ነበሩ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፤ በ1975 ለእስረኞች የሕግ ርዳታ የሚሰጥ ፕሮግራም የመሠረቱ። ፖሊስ አልነበሩም። በ1979 ለሸሪፍነት ተወዳድረው አሸነፉ፣ 32 ዓመትም መሩ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጎዳናውን የሚጠብቀው የከተማው ፖሊስ ነው፣ የሸሪፉ ዋና ሥራ እስር ቤቱ ነው፤ እስር ቤቱን ከእስረኛው ጠበቃ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? በ2003 እስር ቤቱ ውስጥ ሰዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ትምህርት ቤት አስከፈቱ። ዛሬ እሳቸውን የመሰለ ጠበቃ እወዳደራለሁ ቢል በ1988ቱ ሕግ ምክንያት ስሙ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ሕጉን የደገፉት ሰዎች ሙያውን ከአላዋቂ መጠበቃቸው ነበር። የዘጉት በር ግን አንድ ዐዋቂ የገባበት ነበር።

ሲያትል ዘመድ ያላችሁ እዚያ ስልክ ስትደውሉ ሌላ ነገር ትሰማላችሁ። ሲያትል ባለችበት በኪንግ ካውንቲ እስር ቤቱ የሸሪፉ አይደለም፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው የሚመራው። ዴቭ ራይከርት በ1982 የጀመረውን የግሪን ሪቨር ግድያዎች ምርመራ ይዘው የቆዩ መርማሪ ናቸው፤ ነፍሰ ገዳዩ በ2001 ሲያዝ ሸሪፉ እሳቸው ነበሩ፣ ከዚያ ኮንግረስ ገቡ። እዚያ የመርማሪነት ታሪክ ለሥራው ይገጥማል። በ2020 ሕዝቡ ሸሪፉ ከእንግዲህ ይሾም ብሎ ወሰነ፤ በ2022 የተሾሙት ፓቲ ኮል ቲንዳል የካውንቲውን የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ቢሮ የመሩ፣ የሸሪፉን ተቆጣጣሪ ቢሮም ለጊዜው ይዘው የነበሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ የሥራ ታሪክ በምርጫ ፖስተር ላይ አያምርም፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚቀመጥ ሸሪፍ ግን ይሠራል።

ወደ እኛው ልመለስ። በምርጫው ሰሞን እጩዎቹ ድምፅ ፈልገው ወደ አዳራሾቻችን ይመጣሉ። እንጀራችንን ይበላሉ፣ ቡናችንን ያደንቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ስንት ዓመት ፓትሮል እንደሠሩና ስንት ሜዳልያ እንዳላቸው ሳንጠይቃቸው ይነግሩናል። እኔ ልጠይቃቸው ያሰብኩት ሌላ ነው። እስር ቤት የሠሩት ስንት ዓመት ነው? በምን ማዕረግ? ከወጡ በኋላ ተመልሰው ያውቃሉ? ምክትል የሚያደርጉት ሰው ማነው፣ እሱስ ከየት መጣ? እስር ቤቶቹን የሚመራው ረዳት ሸሪፍ እስረኛ ሲሞት ስልክ የሚደውለው በስንት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ለማንስ? አንዳንዶቹ ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ወደ ፓትሮሉ ታሪክ ይመለሳሉ። ሁለቱም መልስ ነው።

 አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ፣ ከኋላ በኩል እንጀምር።